ትንፋሻችሁን ያዙና «ቅ» በሉ

የእህቴ ልጅ ተወልዶ ያደገው ቨርጂኒያ ነው። አማርኛ ይሰማል፣ ይናገራልም። ባለፈው ክረምት ለእረፍት መጥቶ እናቴ ቤት ሰነበተ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በረንዳ ላይ ሆኖ አየኝና ወደ ውስጥ ሮጠ።

«እማማ! አጎቴ መታ! አጎቴ መታ!»

እናቴ የምትለቅመውን ምስር አስቀምጣ ብድግ አለች። «ማንን ነው የመታው?»

ሳቅን። ልጁ ግን ምን እንዳጠፋ አልገባውም። «መታ ነው እኮ ያልኩት» ይላል። ለእሱ ጆሮ «መጣ» እና «መታ» አንድ ናቸው። በማግስቱ ደግሞ «ጫማዬ ተፋ» ብሎ ቤቱን አተራመሰ። ቆሎ በእሱ አፍ ኮሎ ነው፤ ቁርስም ኩርስ።

መጀመሪያ ላይ ምላሱ ያልለመደው መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ነገሩ ከምላስ ጋር ያን ያህል አይገናኝም። ምላሱ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው ያለው። «ት» እና «ጥ» ስንል ምላሳችን የሚያርፈው እዚያው ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ነው። የሚለየው ሞተሩ ነው፤ አየሩን የሚገፋው ነገር ሌላ ነው።

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። ውሃ ውስጥ ልትጠልቁ እንደሆነ ሁሉ ትንፋሻችሁን ያዙ። ጉሮሯችሁን ግጥም አድርጋችሁ ዝጉ። እንደያዛችሁ «ቅ» በሉ። አናባቢ አትጨምሩበት፤ ጠቅ የምትለዋን ብቻ። ወጣች አይደል? አሁን «ጥ»። «ጭ»። «ጽ»። «ጵ»። አምስቱም ይወጣሉ። ትንፋሻችሁን ሳትለቁ ደግሞ «ስ» በሉ። «ፍ» በሉ። «ም» በሉ። ምንም የለም። ሰው ከሩቅ ቢያያችሁ ዓሣ ትመስላላችሁ።

አምስቱ ድምፆች ሳንባን አይጠይቁም ማለት ነው። ታዲያ አየሩን ማን ገፋው? እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን የተለመደውን ሞተር እንየው።

አብዛኛው ንግግራችን ወደ ውጭ በሚወጣ የሳንባ አየር የሚሠራ ነው። ዝም ብለን ስንተነፍስ አየር የምናስገባበትና የምናስወጣበት ጊዜ ብዙም አይራራቅም። ስናወራ ሁሉም ነገር ይገለበጣል። አየሩን ላፍ አድርገን እናስገባና ከዚያ እንደ ወር ደመወዝ ቀስ እያልን እንመነዝረዋለን። የተነፋ ፊኛ አፉን ብትለቁት ትር ብሎ ይወጣና ያበቃል። ሳንባችን እንዲህ የማያደርገው የጎድን አጥንት ጡንቻዎች ፍሬን ስለሚይዙ ነው። መጀመሪያ ላይ ሳንባው ቶሎ እንዳይኮማተር ይይዙታል። አየሩ ሲያልቅ ደግሞ ሌሎች ጡንቻዎች ከታች ይገፋሉ። ስለዚህ የዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያም መጨረሻም በተመጣጠነ ግፊት ይወጣል።

ግፊቱ ደግሞ ከምታስቡት በታች ነው። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ስትሮ ክተቱ። ጫፉን ከውሃው ፊት ወደ 7 ሳንቲ ሜትር አጥልቁና አረፋ አውጡ። የተለመደ ወሬ የሚፈልገው ግፊት ይኸው ነው። ቀኑን ሙሉ ያለ ድካም የሚያወሩ ሰዎች ምስጢራቸው ይህ ይመስለኛል፤ ወጪው ትንሽ ነው።

አየሩ ከሳንባ ወጥቶ በቧንቧው ሽቅብ ሲመጣ ማንቁርት ላይ በር ያገኛል። ወንዶች አንገት ላይ ከምትታየው ጉብታ ጀርባ ነው። በሩ ላይ ያሉት ሁለቱ መዝጊያዎች የድምፅ አውታር ይባላሉ። ስማቸው ክራር ያስመስላቸዋል፤ ክር ግን አይደሉም። ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩ እርጥብ የሥጋ እጥፋቶች ናቸው። ርዝመታቸው በአዋቂ ወንድ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በሴት ከዚያ ያንሳል።

እንዴት እንደሚርገበገቡ ማየት ከፈለጋችሁ ሕፃን አባብሉ። ከንፈራችንን ገጠም አድርገን «ብርርርር» ስንል አየሩ ከንፈሩን ይከፍተዋል፤ ከንፈሩ ይመለስና ይዘጋል፤ አየሩ እንደገና ይከፍተዋል። ከንፈራችንን እያንዳንዱን ጊዜ ክፈት ዝጋ እያልን አናዘውም። እኛ ገጠም እናደርገዋለን፣ የቀረውን አየሩና የሥጋው መለጠጥ ይሠራሉ። አውታሮቹም እንደዚያው ናቸው፤ ብቻ ፍጥነታቸው ሌላ ነው። በወንድ ድምፅ በሰከንድ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ገደማ ይከፈታሉ ይዘጋሉ። በሴት ወደ 200 ይጠጋል፤ በሕፃናት ከዚያም ይበልጣል። የጎረምሳ ድምፅ የሚጎረንነው በወንድ ሆርሞን ምክንያት ማንቁርቱ ሲሰፋና አውታሮቹ ሲረዝሙ ሲወፍሩ ነው። ወፍራም ክር ዝግ ብሎ ይንቀጠቀጣል፤ ክራር የሚጫወት ሁሉ ያውቀዋል። እዚህ ላይ እንኳ ስሙ ትክክል ነው።

እነዚህን አውታሮች በሕያው ሰው ጉሮሮ ውስጥ ሥራ ላይ አይቶ በዝርዝር የጻፈው ሰው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ሐኪም አልነበረም። ማኑዌል ጋርሲያ የሚባል ስፔናዊ የዘፈን አስተማሪ ነው። በ1854 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ሲዘዋወር ፀሐይ መስኮት ላይ ስታንጸባርቅ አየና ሐሳብ መጣለት። ትንሽ የጥርስ ሐኪም መስታወት ገዛ። አሙቆ ጉሮሮው ውስጥ ከተታትና በሌላ የእጅ መስታወት የፀሐይ ብርሃን ላከባት። የራሱ አውታሮች ሲከፈቱና ሲዘጉ አየ። በዓመቱ ያየውን ጽፎ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። ሰውዬው ከዚያ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ኖሮ በ101 ዓመቱ ነው የሞተው።

እናንተ መስታወት አያስፈልጋችሁም። ሁለት ጣት ጉሮሯችሁ ላይ አድርጉና «ዝዝዝዝ» በሉ። ይነዝራል። ሳታቋርጡ ወደ «ስስስስ» ተሻገሩ። ቀጥ አለ። ምላሳችሁ ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። «ዝ» ማለት አውታር የተጨመረበት «ስ» ነው። «ድ» እና «ት»፣ «ግ» እና «ክ»፣ «ዥ» እና «ሽ»፣ «ጅ» እና «ች» እንዲሁ ጥንድ ጥንድ ናቸው። የሰዋስው መጻሕፍት ነዛሪና ኢነዛሪ የሚሏቸው እነዚህን ነው። ተማሪ እያለሁ ቃሉን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። ጣቴን ጉሮሮዬ ላይ አድርግ ያለኝ ግን አልነበረም።

ከአውታሮቹ የሚወጣው ድምፅ ብቻውን ጥሬ ነው፤ ንብ ስታንዛዛ ይመስላል። «ኢ» ወይም «ኡ» የሚሆነው ከጉሮሮ እስከ ከንፈር ባለው ቧንቧ ውስጥ ሲያልፍ ነው። በአዋቂ ወንድ ይህ ቧንቧ 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ጀሪካን ቧንቧ ሥር ደቅናችሁ ታውቃላችሁ? ውሃው እየሞላ ሲመጣ ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል። ሳታዩ እንኳ «ሊሞላ ነው» ትላላችሁ። ውሃው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ውስጥ የቀረው ባዶ ቦታ ነው። አፋችንም ጀሪካን ነው፤ ቅርጹን እንደፈለግን የምንለውጠው ጀሪካን። ምላሱን ወደፊትና ወደ ላይ ስንገፋ «ኢ»፣ መንጋጋውን ስንለቅ «ኣ»፣ ምላሱን ወደ ኋላ ስበን ከንፈር ስናሞጠሙጥ «ኡ»።

አናባቢ የአውታር ሳይሆን የአፍ ቅርጽ ሥራ መሆኑን ለማወቅ በሹክሹክታ ሞክሩት። አውታሮቹ በሹክሹክታ ጊዜ አይርገበገቡም። «ኢ፣ ኤ፣ ኣ፣ ኦ፣ ኡ» ብላችሁ አንሾካሹኩ። አምስቱም ተለይተው ይሰማሉ። ደግሞ ልብ በሉ፣ ከ«ኢ» ወደ «ኡ» ስትሄዱ የሹክሹክታው ድምፅ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ዝቅ ዝቅ ይላል። ባዶ ቦታው ሲለወጥ የምትሰሙት ነው።

«በ ቡ ቢ ባ ቤ ብ ቦ» እያልን ያደግነው የምላስ ስፖርት ነበር ማለት ነው። በእያንዳንዱ ፊደል ከንፈሩ አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራል፤ ጀሪካኑ ውስጥ ግን ምላስ ከግድግዳ ግድግዳ ይሮጣል። የእኛ ፊደል ሁለቱን ሥራዎች ለይቶ ነው የጻፈው። የተነባቢው ሥራ የፊደሉ አካል ነው፤ የአናባቢው ሥራ የምትቀጠለዋ እግር፣ ቀለበት ወይም መታጠፊያ። ስለ ፊደላችን ብዙ ይባላል፤ ለእኔ ዋናው ውበቱ ይህ ነው።

ተነባቢ ደግሞ መንገዱ ላይ እንቅፋት ማኖር ነው። ሙሉ በሙሉ ትዘጉትና ትለቁታላችሁ፤ «ብ፣ ድ፣ ግ»። ወይም ጠባብ ቀዳዳ ትተዉለትና አየሩ እየተሻሸ ይወጣል፤ «ፍ፣ ስ፣ ሽ»። እንቅፋቱ ከንፈር ላይ፣ ጥርስ ጋ፣ ላንቃ ላይ፣ ወይም ወደ ጉሮሮ ጠጋ ብሎ ሊሆን ይችላል። «ም» እና «ን» ላይ አፍ ይዘጋል፣ አየሩ በአፍንጫ ያመልጣል። ጉንፋን ሲይዘን «እማማ» ወደ «እባባ» የሚጠጋው ያ መንገድ ስለሚዘጋ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ። «ሂድ» የሴት ሲሆን ለምን «ሂዲ» አይባልም? «ሂጂ» ነው። «ልበስ»ም «ልበሺ» ነው። «ክፈት»ን «ክፈቺ»፣ «ያዝ»ን «ያዢ»፣ «ስጥ»ን «ስጪ»፣ «ለምን»ን «ለምኚ» እንላለን። ደንቡን ማንም አላስተማረንም፤ ግን ማንም አይስትም። የሴቷን ምልክት «ኢ»ን አስታውሱ። ምላስ ወደ ላንቃ ሽቅብ የሚወጣበት ድምፅ ነው። ጥርስ ጋ የነበረው ምላስ «ኢ»ን ለመድረስ ሲቸኩል ቀድሞት ላንቃው ላይ ይደርሳል። «ድ» ወደ «ጅ»፣ «ስ» ወደ «ሽ» የተንሸራተተው በዚህ መንገድ ነው። «ክፈል» እንኳ «ክፈዪ» ይሆናል።

በሌላ በኩል «ልቀም» ሴት ሲሆን «ልቀሚ» ነው፤ «ም» ምንም አልሆነችም። «ጥረግ»ም «ጥረጊ»። «ም»ን የሚሠራው ከንፈር ነው፣ «ግ»ን የሚሠራው የምላሱ ጀርባ ነው። ተጎታቹ ጥርስ ጋ የሚሠራው የምላስ ፊት ብቻ ነው። «ር» ግን እዚያው ሠፈር ሆና አልነካም ብላለች፤ «ስበር» «ስበሪ» ነው። አመሏ ነው።

አሁን ፊደል ገበታውን አውጡ። ግእዝ «ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ» የሉትም። ለአማርኛ የተጨመሩ ናቸው። ከምን ተሠሩ? «ሸ» ከ«ሰ»፣ «ቸ» ከ«ተ»፣ «ኘ» ከ«ነ»፣ «ዠ» ከ«ዘ»፣ «ጀ» ከ«ደ»፣ «ጨ» ከ«ጠ»። እያንዳንዷ የጥርስ ፊደል ላይ ትንሽ ምልክት አክለው የላንቃ ፊደል አደረጓት። «ሂድ–ሂጂ» ላይ ምላሳችን የሚሄደውን መንገድ ቀለም ላይ አስፍረውታል። ይህን ያደረጉት ሰዎች ስም አልተረፈልንም። ጆሯቸው ግን ምን ያህል የተሳለ እንደነበር ገበታው ላይ ቁጭ ብሏል።

ወደ «ጥ» እንመለስ። የእህቴ ልጅ ጋ ያለው ችግር እዚህ ነው።

«መጣ» ስትሉ የሚሆነውን ቀስ አድርገን እንየው። «መ» ላይ ከንፈር ይዘጋል፣ በአፍንጫ ይወጣል፣ አውታሮቹ እየነዘሩ ናቸው። ከዚያ የምላሱ ጫፍ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ይለጠፋል፤ የፊት በር ተዘጋ። እስካሁን «መታ»ም «መጣ»ም አንድ ናቸው። አሁን ግን አውታሮቹ ጥርቅም ይላሉ፤ የኋላ በርም ተዘጋ። በሁለቱ በሮች መሀል ጥቂት አየር ተይዟል። በዚህ ጊዜ ማንቁርት ራሱ ሽቅብ ይነሳል። የተያዘው አየር የሚሄድበት የለውም፣ ይታመቃል። የብስክሌት መንፊያ አፉን በጣታችሁ ደፍናችሁ ስትገፉት እንደሚሆነው። ከዚያ ምላስ ይለቃል፤ ጥ! ለቅጽበት ጸጥታ አለ። አውታሮቹ የሚከፈቱት ከዚያ በኋላ ነው፤ «ኣ» ትመጣለች።

ሰዋስው «ፈንጂ» ይላቸዋል። ጥሩ ስም ነው። ጣታችሁን ማንቁርታችሁ ላይ አድርጋችሁ «ቅ፣ ቅ፣ ቅ» በሉ፣ ዱብ ዱብ ሲል ይታወቃችኋል። ትንፋሽ ይዛችሁ ያወጣችኋቸው እነዚህን ነው። ቀድሞውንም ጉሮሮ የሚዘጋባቸው ድምፆች ስለሆኑ መያዛችሁ አልከለከላቸውም።

«መጣ» ላይ ደግሞ «ጥ» ትጠብቃለች፤ ማለትም ምላሱ ተለጥፎ ቆየት ይላል። አማርኛ ይህን ቆይታ ቃል ለመለየት ይጠቀምበታል። «ገና ገና ነው» ስንል የመጀመሪያው ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ይላላል። «ይበላል» ሰው ሲሆን ይላላል፣ እንጀራ ሲሆን ይጠብቃል። ልዩነቱ የሰከንድ ስባሪ ቢሆን ነው፤ ፊደላችንም አይጽፈውም። ዓረፍተ ነገሩ ይንገርህ ብሎ ትቶታል።

ፈንጂ ድምፆች የእኛ ብቻ አይደሉም። ትግርኛም ኦሮምኛም አላቸው፤ ጆርጂያውያን፣ የአንዲስ ተራሮቹ ኬችዋዎች፣ የአሜሪካ ናቫሆዎችም አላቸው። እንግሊዝኛ ቃል ለመለየት አይጠቀምባቸውም፤ ጠጅም ጠላም ምናሌ ላይ በተራ «ት» የሚጻፉት ለዚህ ነው። የኦሮምኛ ቁቤ የላቲን ፊደል ሲወስድ ለ«ጠ» የሚሆን ስላላገኘ ሥራ ፈት የነበረችውን «ኤክስ» ሰጣት።

ዓረብኛ የ«ጠ» ዘመድ የሆነች ፊደል አለው፤ ግን የምላሱን ሥር ወደ ኋላ ስቦ ያወፍራታል እንጂ አያፈነዳትም። በዛሬው ዕብራይስጥ ዘመዷ ከተራዋ «ት» ጋር ተዋሕዳለች። እስራኤል የተወለደ የእኛ ልጅም ከቨርጂኒያው ጋር አንድ ችግር አለበት ማለት ነው። የጥንቷ የሴማውያን ድምፅ የእኛዋን ትመስል ነበር የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። የአገራችንም ስም ቢሆን ውስጡ ፈንጂ ይዟል። ግሪኮቹ በተራ «ፕ» ነበር የሚጠሩት። ግእዝ ሲቀበለው «ጵ» አደረገው፤ ኢትዮጵያ።

ኦሮምኛ ደግሞ ተቃራኒውንም ይሠራል። «ዸ» ላይ ማንቁርት በመነሳት ፈንታ ይወርዳል፤ ስለዚህ ድምፁ ወደ ውስጥ የተዋጠ ይመስላል። «መጣ» በኦሮምኛ «ዹፌ» ነው። አንዱ ቃል ሽቅብ፣ ሌላው ቁልቁል!

ከዚህ ወዲያ ያሉትን ሞተሮች ሳናውቀው በየቀኑ እንነዳቸዋለን። «ገብቶሃል?» ሲሉን አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «አዎ» የምንለው ነገር አለ አይደል? የውጭ አገር ሰው መጀመሪያ ሲሰማው የደነገጥን ይመስለዋል። በግልባጭ የሚሄድ የሳንባ አየር ነው። ስዊድኖችም እንዲሁ አዎ ይላሉ፤ ከእኛ አልተማሩትም፣ እኛም ከእነሱ። ሌላው ከንፈር መምጠጥ ነው። ሐዘን ቤት ገብተን «ምጥ» ስናደርግ ሳንባም ማንቁርትም ሥራ የላቸውም። አፍ ውስጥ ትንሽ ክፍተት ፈጥረን አየር ወደዚያ እናስገባለን። እኛ ለኀዘኔታ የምንጠቀምበትን ዘዴ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ዙሉና ኮሳ የሚናገሩ ሰዎች በምላሳቸው እየሠሩ ተራ ፊደል አድርገውታል። እነሱ እንዲህ እየመጠጡ ገበያ ዋጋ ይከራከራሉ ብላችሁ አስቡት።

ይህ ሁሉ በፍጥነት ነው የሚሆነው። በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ድምፅ እናወጣለን። ምላስ፣ ከንፈር፣ መንጋጋ፣ ማንቁርትና ደረት እያንዳንዳቸው በሰዓታቸው መድረስ አለባቸው። አንጎል ደግሞ እያዘዘ ያዳምጣል፤ የወጣው ድምፅ የታሰበው መሆኑን በጆሮ ያጣራል። ከውጭ አገር ስትደውሉ የራሳችሁ ድምፅ ዘግይቶ በስልኩ ተመልሶ የመጣባችሁ ጊዜ ትዝ ይላችኋል? ወዲያው ምላስ ይተሳሰራል፤ ቃል ይጎተታል፣ ይደገማል። ማጣሪያው የተሳሳተ ሰዓት ላይ ሪፖርት ስለሚደርሰው ነው። የሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ መዘግየት በጣም ያደናቅፋል። ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ደህና የሚያወራ ሰው ታክሲ ውስጥ ሲገባ ሳያስበው የሚጮኸውም በዚሁ ማጣሪያ ምክንያት ነው።

ወደ ማንቁርት የሚሄደው ነርቭ መንገዱ እንግዳ ነው። በግራ በኩል ያለው ከአንጎል ወርዶ ማንቁርትን አልፎ ደረት ውስጥ ይገባል። በትልቁ የልብ ደም ሥር ሥር ይዞርና እንደገና ሽቅብ ወደ ማንቁርት ይመለሳል። በቀጭኔ ይህ ዙሪያ ጥምጥም ብዙ ሜትር ይሆናል። ነገሩ ለእኛም ይመለከተናል፤ ነርቩ የሚያልፈው ከእንቅርት እጢ ጀርባ ነውና። የእንቅርት ቀዶ ጥገና የሚሠሩ ሐኪሞች አጥብቀው የሚጠነቀቁለት ይህን ክር ነው። ከተነካ በዚያ በኩል ያለው አውታር አይገጥምም፣ ድምፁ ይሻክራል፣ አየር ያፈሳል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ለሌላ ቢሆንም እዚህም ይገባል።

ልጁስ? ምላስህን እንዲህ አድርግ፣ ጉሮሮህን እንዲህ አድርግ እያልኩ ሁለት ቀን አደከምኩት። አልሆነም። ሦስተኛው ቀን ላይ በረንዳ ተቀምጦ በአፉ ከበሮ ሲመታ ሰማሁት፤ ቢትቦክስ የሚሉትን። «ጵ–ጽ–ቅ–ጽ፣ ጵ–ጵ–ቅ–ጽ።» ትንሽ ቆሜ አዳመጥኩ። የከበሮው ምት ጥርት ያለች «ጵ» ናት። የሳህኑ ድምፅ «ጽ»። የእንጨቱ «ቅ»። የአራት ዓመት የአማርኛ ትምህርት ያላስገኘውን ከዩቲዩብ ለቅሞታል፤ ፊደል መሆናቸውን ብቻ አያውቅም።

«ያቺን የእንጨቷን ድገማት» አልኩት።

«ቅ።»

«አሁን ከኋላዋ ኦሎ ጨምርባት።»

ትንሽ አሰበ። «ቅ... ኦሎ። ቅኦሎ። ቆሎ!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። «ጥ»ን ለማግኘት ከዚያ በኋላ አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም።

ባለፈው እሁድ ደውሎ ነበር። እናቴ ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋዋለች። «እማማ፣ ክረምት ላይ እመጣለሁ» አላት። «ጣ»ዋን እንደ ከበሮ ነው የመታት። እናቴ ስልኩን ከጆሮዋ እንዳራቀች «ቀስ በል ልጄ፣ ሰማሁህ» አለችው።